ቋንቋው ሲታደስ ፕሮግራሙ ለምን ይሳሳታል?

የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጻፍበት ቋንቋ ሲታደስ፥ ትናንት ደኅና ይሠራ የነበረው ፕሮግራም ዛሬ ሊሳሳት ይችላል። ለምሳሌ ፓይተን የሚባለውን ቋንቋ እንውሰድ። ሁለተኛው ዕትም «ሰላም» የሚለውን ቃል 9 ብሎ ይቈጥር ነበር፤ በዩ.ቲ.ኤፍ.-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛልና። በ2001 ዓ.ም. የወጣው ሦስተኛው ዕትም ግን ፊደሉን ራሱን ስለሚቈጥር 3 ይላል።

እዚህ በነፋስ ስልክ ላፍቶ የተማሪዎችን ስም በዓምድ የሚደረድር አንድ አሮጌ ፕሮግራም ስመረምር፥ ቈጠራውን ለ3 እንዲያካፍል ታዝዞ አገኘሁት። ስለዚህ በአዲሱ ዕትም «ከበደ» ባለ 1 ፊደል ሆነ፤ ዓምዱም ተዛነፈ። ምክንያቱ የታወቀኝ አንዱን ስም በሁለቱም ዕትሞች አስቈጥሬ ውጤቱን በማስተያየት ነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ሁሉን አፍርሰን እንደ ገና ከመጻፋችን በፊት ትንሹን ክፍል በሁለቱም ዕትሞች እንፈትን። ለድሮው ጕድለት የተደረገው መድኃኒት ራሱ፥ ለአዲሱ በሽታ ሊሆን ይችላልና።