የፍርሃት መጠንና የአደጋ መጠን

ስለ ፕሮባቢሊቲ ያስተማርሁበት አንድ ክፍለ ጊዜ እንዳበቃ፣ የአቃቂ ልጅ የሆነ ተማሪዬ ጓደኞቹ እስኪወጡ ጠብቆ ቀረበኝና፣ «ዶክተር፣ ከአሥር ሺህ አንድ ጊዜ የሚደርስ ነገር ይፈራል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የፊዚክስ አልነበረም። ከሦስት ሳምንት በፊት ብዙም ከማያውቃት ሴት ጋር በኮንዶም ግንኙነት ፈጽሟል፤ ኮንዶሙ አልተቀደደም፣ አልወለቀምም። ከዚያ ወዲህ ግን እንቅልፍ አጥቷል፤ ምግብ አስጠልቶታል፤ ሌሊት ያልበዋል። እነዚህ ሁሉ የኤች አይ ቪ ምልክቶች ናቸው ብሎም ደምድሟል።

ይህ ጭንቀት የእርሱ ብቻ ስላልሆነ ነገሩን በቁጥር እንመርምረው።

ስሌቱ ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 በኢትዮጵያ ከተሞች በተካሄደው ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 64 ዓመት ከሆኑት ነዋሪዎች 3 በመቶ ያህሉ ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቷል። ቫይረሱ ካለባትና ሕክምና ካልጀመረች ሴት ጋር ያለ ኮንዶም በሚደረግ አንድ ግንኙነት፣ ወንዱ የመያዝ ዕድሉ በአማካይ ከ10,000 ወደ 4 ገደማ ይገመታል፤ የሴቷ ዕድል የዚህ እጥፍ ነው። የወንዱን ቁጥር ከ3 በመቶው ጋር ስናባዛው ከ1,000,000 ወደ 12 ይደርሳል። ኮንዶም በአግባቡ ሲጠለቅ አደጋውን ቢያንስ በ80 በመቶ ስለሚቀንስ፣ ቀሪው ከ1,000,000 ከ3 ያነሰ ነው።

ይሁን እንጂ አማካይ ቁጥር ዋስትና አይደለም። ቫይረሱ በቅርቡ የያዘው ሰው ለሌላው የማስተላለፍ ዕድሉ ከፍ ይላል፤ በብልት ላይ ቁስል መኖሩም እንዲሁ። በአንጻሩ መድኃኒቱን በትክክል ወስዶ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ የቀነሰለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ጨብጥ፣ ክላሚዲያና ቂጥኝ ደግሞ ከኤች አይ ቪ ይበልጥ በቀላሉ ይተላለፋሉ፤ ብዙ ጊዜም ምልክት አያሳዩም። ሦስቱም በመድኃኒት የሚድኑ በመሆናቸው፣ በግምት መድኃኒት ገዝቶ ከመዋጥ ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይበጃል።

ከአቃቂ የተገኘ ትምህርት

ተማሪዬ ያደገበት አቃቂ በዚህ ጉዳይ ታሪክ አለው። የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1997 በአቃቂ የቃጫ ውጤቶች ፋብሪካ ሠራተኞችን በፈቃደኝነት መዝግቦ ጤንነታቸውን በየጊዜው መከታተል ጀመረ፤ በወንጂ ስኳር ፋብሪካም ተመሳሳይ ክትትል ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ የዚህ ፕሮጀክት ጥናት፣ ቫይረሱ የሌለባቸው ጤናማ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች የሲዲ4 ሕዋሳት ቁጥር ከኔዘርላንድስ ደም ለጋሾች በአማካይ አንሶ ተገኘ። እነዚህ ሰዎች በአውሮፓውያን መለኪያ ብቻ ቢመዘኑ ኖሮ አንዳንዶቹ ሳይታመሙ በሽተኛ ይመስሉ ነበር።

ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ትክክለኛ ማነጻጸሪያ የሌለው ልኬት ያሳስታል። ላብ፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ከጭንቀትም፣ ከጉንፋንም፣ ከፈተና ሰሞን ድካምም ይመጣሉ። ስለዚህ ኤች አይ ቪን ከምልክት ተነሥቶ ማወቅ አይቻልም። የሚለየው ምርመራ ብቻ ነው።

መቼ እንመርመር?

ምርመራም ጊዜ አለው። አደጋው ከፍተኛ ሲሆን፣ ለምሳሌ ኮንዶም ሲቀደድ ወይም መደፈር ሲደርስ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመርና ለ28 ቀናት የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ፤ ቶሎ መሄድ ነው። ፈጣኑ የደም ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነት የሚሠራቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ነው። እነዚህም በአብዛኛው ከ23 እስከ 90 ቀናት ባለው ጊዜ ይታያሉ። ስለሆነም በሳምንቱ የተገኘ «ነፃ» ብዙ አይነግረንም፤ ሦስት ወር ሲሞላ የተገኘው ግን ጥያቄውን ይዘጋል።

ሌላም ነገር አለ። የእያንዳንዳቸው አደጋ ከ1,000,000 12 የሆነ 100,000 ሰዎች ይመርመሩ እንበል። በእውነት የተያዘው 1 ሰው ገደማ ነው። ምርመራው ነፃ ሰዎችን 99.5 በመቶ በትክክል ቢለይ እንኳ 500 ያህል ነፃ ሰዎችን በስሕተት «አለባችሁ» ይላቸዋል። የጤና ተቋማት የመጀመሪያውን ውጤት በሌሎች ምርመራዎች ሳያረጋግጡ የማይናገሩት ስለዚህ ነው።

ተማሪዬ ሦስት ወር ሲሞላ ተመርምሮ ነፃ መሆኑን ነገረኝ። ቀጥሎም፣ «ለማንኛውም በሚቀጥለው ወር ልድገመው?» አለኝ። እኔም፣ «አዲስ ነገር ሳይፈጠር አንዱን ነገር ደጋግመህ ብትለካ የምትለካው ፍርሃትህን ነው» ስል መለስሁለት። ኮንዶም በመጠቀሙ አደጋውን የቀነሰው እርሱ ራሱ ነው፤ የቀረውን ደግሞ በጊዜው የተደረገው ምርመራ መልሶለታል። ጭንቀቱ ከዚህ በኋላም ካልለቀቀ ሐኪም ማማከር አያሳፍርም።