ትንሿን ቮልስ ያለጉዳት መቀባት

በዚህ መጽሔት ስለ ሞተር፣ ስለ ማርሽና ስለ ፍሬን ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የምጽፈው በመዳፍ ስለምትያዝ መኪና ነው። ነገሩ የልጆች ጨዋታ ሊመስላችሁ ይችላል። ሆኖም ባለፈው ክረምት በዚች መኪና ምክንያት ቤታችንን ላቃጥል ምንም አልቀረኝም ነበር። ስለዚህ የደረሰብኝንና ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

የሆነው ነገር

አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ የቮልስ ሞዴል ይዞልኝ መጣ። መጠኗ 1 ለ 24 ነው፤ ማለትም ከእውነተኛዋ 24 ጊዜ ታንሳለች፣ ርዝመቷም 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቀለሙን ግን ሊያመጣልኝ አልቻለም። የሚረጭ ቀለም ስለሚቀጣጠል በመንገደኛ ሻንጣ በአውሮፕላን አይጫንም። ይሄ ክልከላ ብቻውን ሊያስጠነቅቀኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ልብ አላልኩትም። ከመኪና ቀለም መሸጫ አንድ ሰማያዊ ስፕሬይና ጠርሙስ ቲነር ገዝቼ ገባሁ።

ዝናብ ስለነበር፣ አቧራም እንዳያርፍበት ብዬ፣ በርና መስኮቱን ዘግቼ ክፍሌ ውስጥ መርጨት ጀመርኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ራሴ ከበደኝ። ምሳ ስላልበላሁ ነው ብዬ ቀጠልኩ። እማዬ በጎን ባለው ክፍል ለቡና ከሰል እያቀጣጠለች ነበር። ታናሽ እህቴ «ዓይኔን አቃጠለኝ» ስትል ሰማሁ። ወዲያው እማዬ «ምንድን ነው ይሄ የሚሸተው?» ብላ ምድጃውን አንጠልጥላ ወደ ግቢ ሮጠች። እኔ ብድግ ስል ግድግዳ መደገፍ አስፈለገኝ። ሽታው በበሬ ስር አልፎ ወለል ወለሉን ሄዶ ምድጃው ዘንድ ደርሶ ነበር። እግዜር አተረፈን እንጂ እኔስ ጥፋቴን ጨርሼ ነበር።

ከቆርቆሮው የሚወጣው ምንድን ነው?

ከስፕሬይ ቆርቆሮ ሦስት ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛው ደቃቅ የቀለም ጠብታ ነው። ሁለተኛው ቀለሙን ያሟሟው ፈሳሽ ተን ነው፤ ብዙውን ጊዜ አሴቶን፣ ቶሉዊን ወይም ዛይሊን ይኖርበታል። ሦስተኛው ቀለሙን ገፍቶ የሚያወጣው ጋዝ ሲሆን እንደ ቡቴንና ፕሮፔን ያለ፣ ማለትም ከማብሰያ ጋዝ ጋር አንድ ዓይነት ነው።

የቶሉዊን ተን ከአየር ከሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ ስለዚህ ወለል ላይ ይተኛል፣ በበር ስር ይሾልካል። ፈሳሹ ገና በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ሊቀጣጠል የሚችል ተን ይሰጣል። አሴቶን ደግሞ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪም ይሰጣል። የአዲስ አበባ ብርድ አያድነንም ማለት ነው።

ስለ ጤናውም ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። በአሜሪካ የሥራ ቦታ ጤና ተቋም ምክር መሠረት ሠራተኛ በአንድ የሥራ ቀን በአማካይ ከ375 ሚሊ ግራም በላይ ቶሉዊን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ መተንፈስ የለበትም። የእኔ ክፍል 3 በ3 ሜትር፣ ከፍታው 2.5 ሜትር ነው፤ ይህም 22.5 ሜትር ኩብ ይሆናል። በ375 ሲባዛ 8.4 ግራም ገደማ፣ ማለትም 10 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ ነው። ሁለት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው! በተዘጋ ክፍል ሁለት ማንኪያ ቶሉዊን ከተነነ ወሰኑ ላይ ደረስን። እኔ ያን ቀን የቆርቆሮውን ግማሽ ጨርሻለሁ።

ወተትና ጨርቅ

በሰፈራችን ጋራዥ ለብዙ ዓመት ቀለም የቀቡ አንድ አባት አሉ። ሄጄ ስነግራቸው ሳቁና «ልጄ፣ እኛ እኮ አፋችንን በጨርቅ አስረን ነው የኖርነው፤ ማታ ወተት እንጠጣበታለን» አሉኝ። ይህን ሲሉኝ በመሐል ሁለት ጊዜ ሳል አቋረጣቸው። ወተት የሚገባው ጨጓራ ውስጥ ነው፤ ተኑ ግን በሳንባ በኩል በቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል። ሁለቱ መንገድ ላይ አይገናኙም። ጨርቅም ሆነ ተራ የአፍ መሸፈኛ ተን አያስቀርም። እሳቸውም ይህን ሳስረዳቸው «ማን ነገረን?» አሉኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

ታዲያ እንዴት እንቀባ?

1. ቦታ፦ ግቢ ውስጥ፣ ዝናብ በሌለበት ቀን። ትልቅ ካርቶን በጎኑ አስተኝቶ መኪናዋን ውስጡ ማስቀመጥና ነፋሱን በጀርባ አድርጎ መርጨት። ተራ ቬንትሌተር ተኑን እንዲስብ ማድረግ አይገባም፤ ሞተሩ ወይም ማብሪያው ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል።

2. እሳት፦ ከሰል፣ ሲጋራ፣ ሻማ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሁሉ ይራቅ። ከመጀመር በፊት ለቤተሰብ መናገር የግድ ነው።

3. ማስክ፦ ፊት ላይ ግጥም የሚል፣ የተን ማጣሪያ ያለው (በአውሮፓ ምልክቱ ቡናማ፣ በአሜሪካ ጥቁር ነው)፣ ከፊቱም የጠብታ ማጣሪያ የተደረበበት። ጢም ካለ አይገጥምም። ማጣሪያው ክፍት ከተተወ አየር ውስጥ ያለውን እየሳበ ያልቃል፤ ስለዚህ በታሰረ ላስቲክ ይቀመጥ። ሽታ ከገባ ጊዜው አልፏል። ጓንትና መነጽርም አይረሱ።

4. አረጫጨት፦ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ከመኪናዋ ውጪ ጀምሮ ከመኪናዋ ውጪ መጨረስ። በስሱ ቀብቶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ መድገም። 0.1 ሚሊ ሜትር ቀለም በ1 ለ 24 ሞዴል ላይ በእውነተኛ መኪና 2.4 ሚሊ ሜትር እንደመቀባት ነው። ወፍራም ቀለም የበሩን መስመር ይደፍናል፤ ስስ ቀለም ደግሞ ሳንባንም ያሳርፋል።

5. ፕላስቲኩ፦ የሞዴሉ ፕላስቲክ ፖሊስታይሪን ነው፤ ቲነር ያሟሟዋል። የእኔ ኮፈን እንደ ሻማ ቀልጧል። በማይታይ ቁራጭ ላይ መሞከር ይቀድማል።

6. እርጥበት፦ ተኑ ሲወጣ ገጹን ያቀዘቅዘዋል፣ የክረምት እርጥበትም ያርፍበታል፣ ቀለሙም ይነጣል። የእኔ ሰማያዊ እንደ ወተት የደፈረሰው ለዚህ ነበር።

7. ማጽዳት፦ ቲነር የነካው ጨርቅ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ሆኖ ውጪ ይቀመጥ። ቲነር ቱቦ ውስጥ አይደፋም። ቆርቆሮው ባዶም ቢሆን እሳት ውስጥ አይጣልም፤ ይፈነዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ

እኚያ አባት ሲሸኙኝ «ይሄ ያበራልሃል» ብለው የተረፈ ቫርኒሽ ከነሃርድነሩ ሰጡኝ። አመስግኜ መለስኩት። የመኪና ቀለም ሃርድነር ብዙውን ጊዜ አይሶሳያኔት አለበት፤ ይህ ንጥረ ነገር የማይለቅ አስም ሊያመጣ ይችላል። በሽታው አንዴ ከያዘ ትንሽ መጠን ራሱ ይቀሰቅሰዋል። ሽታው ስለማያስጠነቅቅም የማጣሪያውን ማለቅ አናውቅም። በተገቢው ክፍልና ንጹሕ አየር በቱቦ በሚቀበል ማስክ እንጂ በቤት የሚሠራ አይደለም።

በመጨረሻ

ቮልሷን በጥቅምት፣ በጠራ ቀን፣ ግቢ ውስጥ እንደገና ቀባኋት። እህቴ ከቤት ውስጥ በመስኮት እያየች ነበር። ኮፈኑ አሁንም ትንሽ ጎብጧል፤ እንዲያስታውሰኝ ትቼዋለሁ። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ነገ ጋራዥ እንገባለን። በትንሿ መኪና ያልተማርነውን በትልቋ ለመማር ዋጋው ይከብዳል። ለእኚያ አባት የተን ማጣሪያ ያለው ማስክ ወስጄላቸዋለሁ። አንዳንዴ ያደርጉታል፣ ወተቱንም አልተዉም።