ደንገልን እንደ ተራ ሣር አንቁጠረው

በባሕር ዳር ከተማ፣ ከሹም አቦ ሰፈር ወደ ጣና ዳር የወረደ ሰው የደንገል ታንኳ ማየቱ አይቀርም። ታንኳ መሥራት የነገደ ወይጦዎች የቆየ ሙያ ነው። ደንገልን የማያውቅ የጣና ዳር ገበሬ የለም። ነገር ግን ብዙዎቻችን እንደ ተራ ሣር እናየዋለን።

ደንገል እግሩ ውሃ ውስጥ ሆኖ ከሰው ቁመት እጥፍ ያድጋል። አገዳው አንጓ የለውም። ቆርጣችሁ ብታዩት ሦስት ማዕዘን ነው። ውስጡ ነጭ ሆኖ አየር የያዘ ነው። ታንኳው የማይሰምጠው በዚህ አየር ነው።

የጥንት ግብፆች ይህን ነጩን በስሱ እየሰነጠቁ፣ አግድምና ቁልቁል እየደረቡ፣ ተጭነው ሲያደርቁት መጻፊያ ሆነላቸው። በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች የወረቀት ስም የመጣው ከዚህ ተክል ስም ነው። እንግዲህ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ከደንገል ጋር ዝምድና አለው!

ታዲያ ግብፅ ደንገሏን ጠብቃ አቆየችው ወይ? አላቆየችም። የዱሩ ደንገል ከዚያ አገር ጠፋ ማለት ይቻላል። በ1961 ዓ.ም. ቶር ሄየርዳል የተባለ የኖርዌይ ሰው በደንገል ጀልባ አትላንቲክ ውቅያኖስን ሊሻገር ተነሣ። ጀልባው የተሠራው ግብፅ ነው፤ ደንገሉ ግን የሄደው ከኛው ጣና ነው። ያ ጀልባ መንገድ ላይ ተበላሸ። በዓመቱ፣ በ1962 ዓ.ም.፣ ሌላ ጀልባ ከኢትዮጵያ ደንገል አሠራና ከሞሮኮ ተነሥቶ በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰ። 6 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያን ሁሉ ባሕር የተሻገረው እኛ ከብት የምንለቅበት ደንገል ነው።

ለእኛ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። በክረምት ጉማራና ርብ ደለል ተሸክመው ይመጣሉ። ደንገልና ፊላ ባለበት ዳር ጎርፉ ይዘገያል፤ ደለሉ እንደ ወንፊት ተይዞ ይቀራል። ቀረሶ ዓሣ የሚራባው እንዲህ ባለ ጥልቀት በሌለው ዳር ነው። ትንንሾቹ ዓሦች ከትልልቆቹ የሚሸሸጉትም እዚያው ነው።

ደንገሉ ለምን አነሰ? ምክንያቱን ገበሬው ያውቀዋል። ሐይቁ በበጋ ሲሸሽ እርጥብ መሬት ትቶ ይሄዳል። ያ መሬት ያለ ዝናብ ያበቅላል። መሬት የጠበበውን ሰው ይህን አይተህ እለፍ ማለት ቀላል አይደለም። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ከወትሮው አብዝቶ ሲሸሽ ብዙ ዳር ታርሷል። ሆኖም ደንገል ቢታጨድ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ሥሩ በማረሻ ከተገለበጠና ፀሐይ ከመታው ግን አለቀለት። ከዚያ በኋላ ጎርፉ የማሳውን አፈር ከነማዳበሪያው ሐይቁ ውስጥ ይከተዋል።

ይህ ለእምቦጭ ድግስ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ አረም በጣና መግባቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ግድም ነው። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል። እምቦጭ ሲነቅል ወገቡ የተቆረጠ ገበሬ ነገሩን ከኛ ይልቅ ያውቀዋል።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህ ሰው ከዳሩ ይነሣ ማለት አይደለም። ከፊሉ ቦታ ጨርሶ ሳይነካ ይጠበቃል፤ ሌላው በጥንቃቄ ይሠራበታል። ደንገል የሚያጭድ ሰው ሥሩን ሳይነካ የበሰለውን ብቻ መርጦ ይጨድ። ለጋውን ይተወው። በበጋም እሳት አይልቀቅበት።