የገናው መጽሐፍና የጻፈው ሰው

  በዛሬው ዝግጅታችን የምናወጋችሁ ስለ አንድ የእንግሊዝ ደራሲና ስለ አንዲት ትንሽ መጽሐፉ ነው። ደራሲ ማለት ታሪክን ከራሱ አመንጭቶ የሚጽፍ ሰው ነው። የዚህ ደራሲ ስም ቻርልስ ዲክንስ ይባላል። መጽሐፉ ስለ ገና በዓል የተጻፈ ነው። እንግሊዞች ገናን የሚያከብሩት በእኛ ታኅሣሥ 16 ቀን ግድም ነው። እኛ በዓሉን ገና ስንጠብቅ እነሱ አክብረው ጨርሰዋል። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ዲክንስ የተወለደው በ1812 ዓ.ም. ፖርትስማውዝ በምትባል የወደብ ከተማ ነው። አባቱ በባሕር ኃይል የደመወዝ ክፍል ጸሐፊ ነበር። ፊደል ያስቈጠረችው እናቱ ናት። ማንበብ እንዲወድ ያደረገችው እሷ እንደ ሆነች ካደገ በኋላም ይናገር ነበር። ቤተ ሰቡ ቻታም በተባለች ከተማ ሲኖር፣ በቤታቸው ፎቅ ላይ አንዲት ትንሽ ክፍል ነበረች። አባቱ የሰበሰባቸው ጥቂት መጻሕፍት እዚያ ተቀምጠዋል። ከልጁ በቀር ዞር ብሎ የሚያያቸው አልነበረም። የሮቢንሰን ክሩሶን ታሪክ፣ የዶን ኪኾቴን ታሪክ፣ የሺህ አንድ ሌሊትን ተረቶች ያነበበው ከዚያች ክፍል እየወሰደ ነው። እኩዮቹ ውጭ ሲጫወቱ እሱ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ያነብ ነበር።

አባትየው ደግ ሰው ነበር። ነገር ግን ገንዘብ አያያዝ አያውቅበትም። ወጪው ሁልጊዜ ከገቢው ይበልጣል። በ1822 ወደ ለንደን ሲመጡ ዕዳው አብሮ መጣ። የቤቱ ዕቃ እየተሸጠና በመያዣ እየተሰጠ አለቀ። መጀመሪያ የሄዱት ምን ይመስሏችኋል? መጻሕፍቱ ናቸው። ተሸክሞ ወስዶ የሚሸጣቸውም ሌላ ሰው አልነበረም፤ ልጁ ራሱ ነው።

በ1824፣ 12 ዓመት በሞላው ሰሞን፣ ሥራ ገባ። የሥራው ቦታ የጫማ ቀለም የሚዘጋጅበት ቤት ነው። ቴምዝ ከተባለው ወንዝ ዳር የቆመ፣ ያረጀ፣ አይጥ የሚተራመስበት ቤት ነበር። ልጁ የቀለሙን ዕቃ አፍ በወረቀት ይሸፍናል። በሲባጎ ያስራል። ከዚያ ወረቀቱን ዙሪያውን ቈርጦ ምልክት ይለጥፍበታል። በቀን 10 ሰዓት ይሠራል። ደመወዙ በሳምንት 6 ሽልንግ ነበር። በእኛ አገር ድሮ ሽልንግ ሲባል ሃምሳ ሳንቲም ማለት ነው፤ የእንግሊዙ ሽልንግ ግን ሌላ ነው። ያን ጊዜ 20 ሽልንግ አንድ ፓውንድ ይሆን ነበር።

በዚያው ወር አባቱ ታሰረ። ለአንድ ዳቦ ጋጋሪ 40 ፓውንድ ያህል ዕዳ ነበረበት። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ዕዳውን ያልከፈለ ሰው ይታሰር ነበር። የታሰረ ሰው ሠርቶ ካላገኘ ዕዳውን በምን ይከፍላል? ይህን የጠየቀ ብዙ ነው፤ ሕጉ ግን ብዙ ዘመን ቈየ። ማርሻልሲ በሚባለው እስር ቤት እናቱም ታናናሾቹም ከአባትየው ጋር ገቡ። ቻርልስ ግን ሥራ ስላለው ውጭ በሰው ቤት ተከራይቶ ብቻውን አደረ።

በቀለሙ ቤት ቦብ ፌጊን የሚባል ልጅ ነበረ። ወላጆቹ የሞቱበት ነው። ሲባጎ አስተሳሰሩን ለቻርልስ ያሳየው እሱ ነው። አንድ ቀን ቻርልስን ጎኑን ውጋት ሲይዘው፣ ይኸው ልጅ የቀለም ዕቃ ሙቅ ውሃ እየሞላ ጎኑ ላይ ሲያደርግለት ዋለ። በኋላ ዲክንስ ደራሲ ሲሆን፣ ልጆችን ሌብነት ለሚያስተምር አንድ ክፉ ሽማግሌ ፌጊን የሚል ስም ሰጠው። ውለታ እንዲህ ይመለሳል? እኔስ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ምናልባት የዚያን ቤት ደግነት እንኳ ሲያስታውስ ያመው ነበር።

ከሦስት ወር ግድም በኋላ አባቱ ተፈታ። ቈይቶም ልጁን ከሥራው አስወጣው። እናቱ ግን ወደ ቀለሙ ቤት ይመለስ አለች። ይህን ነገር ዲክንስ ዕድሜውን ሁሉ አልረሳውም። ፊደል ያስቈጠረችውም እሷ፣ ተመለስ ያለችውም እሷ። ቸኩለን አንፍረድባት። ብዙ አፍ ባለበት ቤት 6 ሽልንግ እንጀራ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በአጭሩ እንለፈው። ጥቂት ዓመት ተማረ። ከጠበቃ ቤት በጸሐፊነት ገባ። አጭር ጽሕፈት አጠና፤ አጭር ጽሕፈት ማለት ሰው በሚናገርበት ፍጥነት በምልክት መጻፍ ነው። 18 ዓመት ሲሞላው በለንደን ትልቁ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ለማንበብ ፈቃድ አወጣ። የተሸጡት መጻሕፍት ባይመለሱም፣ ከእነሱ እጅግ የሚበዙ አገኘ። በ1836 በየወሩ በክፍል በክፍል የሚወጣ ልብ ወለድ ጀመረ። አንዱ ክፍል በአንድ ሽልንግ ይሸጥ ነበር። ወዲያው ስሙ ገነነ።

አሁን ወደ ገናው መጽሐፍ እንምጣ። ጊዜው 1843 ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ባለ ፋብሪካ አገር ነበረች፤ ሕዝቧ ግን ሁሉም ማንበብ የሚችል አልነበረም። ከሚያገቡት ወንዶች ሲሶ ያህሉ፣ ከሴቶቹም ግማሽ ያህሉ ስማቸውን መጻፍ አይችሉም ነበር። በጋብቻው መዝገብ ላይ የሚያደርጉት የመስቀል ምልክት ነው። በእኛ አገር ጣት እንደሚታተመው መሆኑ ነው። ልጆች በማዕድን ጉድጓድና በፋብሪካ ይሠሩ ነበር። ዲክንስ ስለ እነዚህ ልጆች ለመንግሥት የቀረበውን ጽሑፍ አንብቦ ተናደደ። በመስከረም ወር ደግሞ በለንደን አንድ ትምህርት ቤት ጎበኘ። ትምህርት ቤቱ የቡቱቶ ለባሾች ትምህርት ቤት ይባል ነበር። በነጻ የሚያስተምር ነው። ወደዚያ የሚመጡት ሌላ ትምህርት ቤት የማይቀበላቸው፣ የተራቡና የቈሸሹ ልጆች ናቸው። ዲክንስ በሚቀጥለው ወር ማንችስተር ሄዶ ሠራተኞች ስለሚማሩበት ቤት ንግግር አደረገ።

በመጀመሪያ ያሰበው የተቃውሞ ጽሑፍ ለማውጣት ነበር። ኋላ ሐሳቡን ለወጠ። ተረት ይበልጣል አለ። ቁጣ የተሞላበትን ጽሑፍ የሚያነበው የተቈጣ ሰው ነው፤ ተረቱን ግን ሁሉም ቁጭ ብሎ ይሰማዋል። መጽሐፉን በስድስት ሳምንት ያህል ጨረሰው። ሲጽፍ ያለቅስ ነበር፤ ይስቅም ነበር። ሌሊት በለንደን መንገዶች ብዙ ኪሎ ሜትር ይራመድ ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ስክሩጅ የሚባል አንድ ሽማግሌ ነጋዴ አለ። ሀብታም ነው፤ ንፉግ ነው። ለጸሐፊው ለቦብ ክራቺት በሳምንት 15 ሽልንግ ይከፍለዋል። በብርድ እንኳ ፍም አይጨምርለትም። ክራቺት ብዙ ልጆች አሉት። ትንሹ ቲም አንካሳ ነው። በገና ዋዜማ ሌሊት ለስክሩጅ የሞተ ሸሪኩ ይታየዋል። ከእሱም በኋላ ሦስት መንፈሶች በየተራ ይመጣሉ። አንደኛው ያለፈውን ገና፣ ሁለተኛው የዘንድሮውን፣ ሦስተኛው የሚመጣውን ያሳዩታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የመጀመሪያው መንፈስ ስክሩጅን ወደ ልጅነቱ ይወስደዋል። አንድ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ ብቻውን ቀርቷል። ሌሎቹ ለገና ወደየቤታቸው ሄደዋል። ልጁ በደከመ እሳት አጠገብ መጽሐፍ ያነባል። ያን ጊዜ ከመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ሰዎች፣ እነ አሊ ባባ፣ በመስኮቱ ብቅ ይላሉ። ሽማግሌው ያያቸውና ደስ ይለዋል። ደግሞም ያለቅሳል። ቀጥሎ ምን ትዝ አለው? ማታ ደጁ ላይ የገና መዝሙር ሲዘምር ያባረረው ልጅ ትዝ አለው። ምነው አንድ ነገር በሰጠሁት ኖሮ አለ። እኔ እንደሚመስለኝ፣ የዚህ ሰው ልብ መላላት የጀመረው ያን ጊዜ ነው። መንፈሱ ስላስፈራራው አይደለም፤ ብቻውን በነበረ ጊዜ መጻሕፍት እንደ ደረሱለት ስላስታወሰ ነው። በቻታም ፎቅ ላይ ያነብ የነበረውን ልጅ እዚህ ታገኙታላችሁ።

ሁለተኛው መንፈስ ክራቺት ቤት ያስገባዋል። ድሆቹ አንዲት ዝይ ጠብሰው እየተደሰቱ ነው። ክራቺት ጽዋውን አንሥቶ ስክሩጅን ያመሰግናል፤ የበዓሉን ምግብ በእሱ ገንዘብ ገዛን ይላል። ሚስቱ ትቈጣለች። ያን ንፉግ ማመስገን ምንድን ነው? ትላለች። እሷም እውነቷን ነው። ኋላ ስለ በዓሉ ብላ ጽዋዋን ታነሣለች።

ከዚያ መንፈሱ ካባውን ገለጥ ያደርጋል። ሁለት የከሱ ልጆች ከሥር ይታያሉ፤ ወንድና ሴት። ሴቷ እጦት ትባላለች። ወንዱ ድንቁርና ይባላል። መንፈሱ ሁለቱንም ፍራ፣ ከሁለቱ ግን ወንዱን አብልጠህ ፍራው ብሎ ያስጠነቅቀዋል። ድኻ ሆኖ የቀለም ቤት ሥራ የቀመሰው ሰው ከድኽነት ይልቅ የሚፈራው አለማወቅን ሆነ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚያነበው ባይኖር ኖሮ ከቀለሙ ቤት የሚያስወጣው ምን ነበረ?

መጽሐፉ ታኅሣሥ 19 ቀን 1843 በእንግሊዞቹ ወር ወጣ። በገና ዋዜማ 6000 ቅጂዎች ተሸጠው አለቁ። ዋጋው ግን 5 ሽልንግ ነበር። ዲክንስ ሽፋኑ እንዲያምር፣ ሥዕሉም በቀለም እንዲሆን ስለ ፈለገ ነው። ክራቺት ራሱ መጽሐፉን ልግዛ ቢል የሳምንት ደመወዙን ሲሶ ይጨርስበት ነበር። ለሠሪውም አልረባም። 1000 ፓውንድ አገኛለሁ ብሎ ካሰበው በመጀመሪያው ኅትመት ያገኘው 230 ፓውንድ ያህል ነው። በዚያ ላይ ሌቦች አሳታሚዎች ታሪኩን ሰርቀው አተሙት። ከሰሳቸው፤ ረታቸው። እነሱ ግን ከሰርን ብለው አመለጡ፤ የፍርድ ቤቱን ወጪ የከፈለው እሱ ሆነ።

ታዲያ ትርፉ ምን ነበር? ደብዳቤ ነበር። በዚያ የበዓል ሰሞን በየቀኑ ከማያውቃቸው ሰዎች ደብዳቤ ይጐርፍለት ነበር። ሰዎቹ ስለየቤታቸው ይጽፉለታል። ምሽት እሳት ዳር ተሰብስበን መጽሐፍህን አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብልን ሰማነው ይላሉ። ከሌሎች ዕቃዎች ለይተን ለብቻው በትንሽ መደርደሪያ አስቀመጥነው የሚሉም ነበሩ።

ጮክ ብሎ ማንበብ ያልነው ነገር ቀላል አይደለም። አንድ መጽሐፍ በአንድ ቤት ቢኖር፣ የሚያነበውም አንድ ሰው ቢሆን፣ ሰሚው ግን ዐሥር ሊሆን ይችላል። በሌላ ጊዜ የሆነውን ልንገራችሁ። በሰው ቤት እየዞሩ የሚያጸዱ አንዲት አሮጊት በለንደን ነበሩ። ፊደል አያውቁም። የሚኖሩት ከአንድ የሱረት መሸጫ ሱቅ በላይ ነው። በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ እዚያ ቤት ሻይ ይፈላል። ባለቤትየው ዶምቢ የተባለውን የዲክንስ ታሪክ አዲሱን ክፍል ለተከራዮቹ ሁሉ ያነብላቸዋል። አሮጊቷ ደራሲው አንድ ሰው መሆኑን ሲሰሙ ደነገጡ። ይህን የሚያህል ነገር ሦስት አራት ሰው ተረዳድቶ የሠራው መስሏቸው ነበር። እናንተም በዚህ በዓል ከጠላው፣ ከቡናው፣ ከጨዋታው መካከል ሩብ ሰዓት ወስዳችሁ ማንበብ ለማይችለው ሰው ብታነቡለት ደስ ይለዋል። ቢያንገዳግዳችሁም አያሳፍርም፤ ቃሉን ደገም አድርጉና ቀጥሉ።

ዲክንስ ራሱ እንዲህ አደረገ። በ1853 በገና ሰሞን በርሚንግሃም በምትባል የፋብሪካ ከተማ መጽሐፉን በአደባባይ አነበበ። ገንዘቡ የተሰበሰበው ለአዲስ የትምህርት ተቋም ነው። አንዱ ሌሊት ለሠራተኞች ይሁንልኝ፣ መግቢያውም 6 ፔንስ ይሁን ብሎ ለመነ። 6 ፔንስ የአንድ ሽልንግ ግማሽ ነው። ከ2000 የሚበልጡ ሠራተኞች ከነቤተ ሰባቸው መጡ። ብዙዎቹ መጽሐፉን በ5 ሽልንግ ሊገዙት የማይችሉ ናቸው። ሳቁ፤ አለቀሱ። ዲክንስ ከዚያ በኋላ በየከተማው እየዞረ ሲያነብ ኖረ። የመጨረሻው ንባቡ በመጋቢት ወር 1870 ነበር። ያን ሌሊትም ካነበባቸው አንዱ ይኸው የገናው መጽሐፍ ነው። ሦስት ወር ሳይሞላ በ58 ዓመቱ ሞተ።

የቀለሙን ቤት ነገር በሕይወቱ ሳለ ለሕዝብ አልተናገረም። ለወዳጁ ለጆን ፎርስተር ብቻ አጫውቶታል። ልጆቹ እንኳ አያውቁም ነበር። በ1869፣ የመጨረሻው ገና በሆነው በዓል፣ ከቤተ ሰቡ ጋር ተቀምጦ ጨዋታ ይጫወት ነበር። ጨዋታው አንዱ አንድ ቃል ሲናገር ሌላው የቀደመውን ሁሉ እየደገመ የራሱን የሚጨምርበት ነው። ተራው ሲደርስ ዲክንስ የአንድ ጫማ ቀለም ስምና የሚሸጥበትን አድራሻ ጠራ። ድምፁ ለወጥ አለ። ወንድ ልጁ ሄንሪ ነገሩን ልብ ብሎታል፤ ምን እንደ ሆነ ግን አልገባውም። ፎርስተር የወዳጁን የሕይወት ታሪክ ማሳተም ሲጀምር፣ ልጆቹ የቀለሙን ቤት ታሪክ ያገኙት ከዚያ መጽሐፍ ላይ አንብበው ነው።