የሽጉጥ ሞላ ቢጠነክር አደጋ ይቀራል?

ከድሬዳዋ ብዙም በማትርቀው ሐርላ የሚኖር ወዳጄ በፈቃድ የያዘውን ሽጉጥ የምላጭ ሞላ በጠንካራ ላስቀይረው ወይ ሲል ጠየቀኝ። ሰርግ ላይ በግፊያ መሀል እንዳይባርቅበት ሰግቷል።

ሞላው ሲጠነክር ምላጩን ለመሳብ ብዙ ኃይል ይጠይቃል። ጣት በስህተት ቢነካው ቶሎ አይተኮስም፤ ጥቅሙ ይህ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ጣት ከምላጩ ጋር ሲታገል አፈሙዙ ከዒላማው ፈቀቅ ይላል።

የኒውዮርክ ፖሊስ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ 5 ኪሎ ተኩል ገደማ የሚከብድ ምላጭ መረጠ። የተለመደው የግሎክ ምላጭ የዚያን ግማሽ ያህል ነው። በፈረንጆቹ ነሐሴ 2012 በኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ደጃፍ ሁለት ፖሊሶች ገዳይ ተጠርጣሪ ላይ 16 ጥይት ሲተኩሱ 9 መንገደኞች ቆሰሉ። ጥፋቱ የምላጩ ብቻ ነው ባይባልም ክርክሩ አገረሸ። በ2021 ለአዲስ ምልምሎች ቀለል ያለ ምላጭ ተፈቀደ።

ሕጋችንስ? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 59 ስለ ቸልተኝነት ሲደነግግ የሚመዝነው ሰውየውን እንጂ መሣሪያውን አይደለም፤ ውጤቱን ሊገምት ይችልና ይገባው ነበር ወይ ነው ጥያቄው። በአንቀጽ 543 መሠረት በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። «ሞላውን አጠንክሬ ነበር» ማለት ብቻውን ከዚህ አያድንም። እንዲያውም አደጋውን አስቀድሞ ያውቅ እንደነበር ሊያስረዳበት ይችላል።

ለወዳጄ የመለስኩለት አጭር ነው፦ ሞላውን ተወው። ጥይት አቀባብለህ አትያዝ፣ ጣትህን ከምላጩ አርቅ፣ ምላጩን የሚሸፍን ማህደር ግዛ። ሰርግ ስትሄድ ግን ሽጉጡን ቤትህ ቆልፈህበት ሂድ።