ብዕር እንጀራ የሚሆነው እንዴት ነው?

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ይህ አባባል ለትምህርት ቤት ብቻ የተነገረ አይደለም። ከፍርድ ቤት ደጃፍና ከወረዳ ጽሕፈት ቤት አጥር ሥር ወረቀትና ብዕር ይዘው የሚቀመጡት ሰዎች የሚኖሩት በዚሁ ነው። አገሩ ራፖር ጸሐፊ ይላቸዋል። የወር ደመወዝ የላቸውም፤ አለቃም የላቸውም፤ ጉዳዩን በጽሑፍ ማቅረብ ላቃተው ሰው እየጻፉ የዕለት እንጀራቸውን ያገኛሉ። በዛሬው ጽሑፋችን ይህ ሥራ እንዴት እንደሚቋቋምና እንዴት እንደሚመራ፣ እኛን እጩ መምህራንንም ምን እንደሚያገባን ባጭሩ እናብራራለን።

«ታዲያ መምህር ለመሆን እየሠለጠንን ራፖር ምን ያደርግልናል?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። እንደሚታወቀው በ1971 ዓ.ም የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ሕዝብ ፊደል አስቆጥሯል። ይሁን እንጂ ፊደል መለየትና ክስ መጻፍ ለየቅል ናቸው። ነገ ተመድበን ገጠር ስንወርድ ጎረቤት ወረቀት ይዞ የሚመጣው ወደ መምህሩ ቤት ነው። ብንወድም ባንወድም ጽሕፈቱ ይጠብቀናል። እንግዲያው አውቀን ብንጠብቀው ይሻላል።

ሥራው ምን ምንን ያጠቃልላል? ከአረቅጥ ብንነሳ፣ ከተማችን የጉመር ወረዳ መቀመጫ እንደመሆኗ ባለጉዳይ አታጣም። የመሬትና የውርስ ክስ፣ ለጽሕፈት ቤት የሚቀርብ ማመልከቻ፣ የብድርና የኪራይ ውል፣ የእድር መተዳደሪያ ደንብና ቃለ ጉባኤ፣ ለሥራ ፈላጊ ወጣት የሕይወት ታሪክ ማጠቃለያ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ትርጉም፣ ይህ ሁሉ የጽሕፈት ሥራ ነው። ኮምፒውተርና ኮፒ ቤት በየከተማው ቢከፈትም የሚተይበው እንጂ የሚያስበው መሣሪያው አይደለም።

የሙያው መሠረት ግን ትክክለኛነት ነው። ክስን እንውሰድ። በ1958 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ክስ ምን መያዝ እንዳለበት ዘርዝሯል፤ ይኸውም የፍርድ ቤቱ ስምና ቦታ፣ የከሳሽና የተከሳሽ ስምና አድራሻ፣ ለክሱ ምክንያት የሆነው ነገር መቼና የት እንደተፈጸመ፣ የተጠየቀው ዳኝነትና የማስረጃ ዝርዝር ነው። በመጨረሻም ክሱ በእውነት የቀረበ መሆኑን ከሳሹ በሕጉ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጦ ይፈርማል። እንግዲህ አንዲት እናት ድንበራቸው ተገፍቶ መጡ እንበል። ጸሐፊው ስለ ኀዘናቸው ሁለት ገጽ አስለቃሽ አማርኛ ጽፎ ቀኑንና ቦታውን፣ የምስክሮቹንም ስም ቢተው ምን ይጠቅማቸዋል? ወረቀቱ ይመለሳል፤ እሳቸውም እንደገና በብርድ ይመላለሳሉ። የተዋበ ቃል የሚከፈለው ከቁም ነገሩ በኋላ ነው።

አሮጌ ቅጂ መገልበጥም ያሳስታል። ክልላችን በነሐሴ 2015 ዓ.ም ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ተደራጅቷል፤ ከዚያ በፊት በተጻፈ ናሙና የሚሠራ ሰው ግን ዛሬም የቀድሞውን የደቡብ ክልል ስም በራስጌው ሊያስቀምጥ ይችላል።

ውልም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በጽሑፍ እንዲደረግ የታዘዘ ውል ተዋዋዮቹ ሊፈርሙበትና ሁለት ምስክሮች ሊያረጋግጡት ይገባል ይላል። ማንበብ የማይችል ሰው በጣቱ ቢፈርም ደግሞ አሻራው በውል አዋዋይ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ይህን የማያውቅ ጸሐፊ ዛፍ ሥር አሻራ አስነክቶ ገንዘቡን ተቀብሎ ሲሄድ፣ ሁለት ቤተሰብ ለዓመታት ሊያከራክር የሚችል ወረቀት ትቶ መሄዱ ነው።

በእኛ አካባቢ ሌላም ነገር አለ። ባለጉዳዩ የሚናገረው በጉራጊኛ፣ ወረቀቱ የሚጻፈው ባማርኛ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው አስተርጓሚም ነው። ከጻፈ በኋላ ቃል በቃል አንብቦ፣ መልሶ በጉራጊኛ አስረድቶ «እንዲህ ነው ያሉት?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ለፊርማው ኃላፊ የሚሆኑት እሳቸው ናቸውና። በሁለት ቋንቋ መኖር እንዲያው ጭነት ብቻ አይደለም። የጉራጌ አገር ተወላጁ ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸውን በቸሃ ጻፉት፤ ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመውት እ.ኤ.አ. በ1964 ታተመ። ቆይተውም ባማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፈዋል። የእናት ቋንቋ ለብዕር መነሻ እንጂ እንቅፋት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ብዙዎቻችን ዋጋ መጥራት እናፍራለን። ነገር ግን ሒሳቡ መታወቅ አለበት። ለምሳሌ ለአንድ ማመልከቻ የወረቀት፣ የኅትመትና የኮፒ ወጪ 40 ብር፣ ሥራው ሁለት ሰዓት ይፈጃል እንበል። 100 ብር ቢያስከፍሉ ለድካም የተረፈው 60 ብር፣ ማለት ለሰዓት 30 ብር ነው። ደግሞም ባለጉዳይ የሚበዛው በገበያና በችሎት ቀን ስለሆነ፣ ሥራ የተገኘበት ቀን ያልተገኘበትን ቀን መሸከም አለበት። ይህን ሳያሰላ ዋጋ የሚሰብር ሰው ሌላውንም ራሱንም ይጎዳል።

ሥራውን ለመምራት የሚከተሉት ይጠቅማሉ እንላለን።

1ኛ/ ዋጋን ከመጻፍ በፊት መናገር፤ ስንት ቅጂ እንደሚሰጥና ስህተት ቢገኝ ያለ ክፍያ እንደሚታረም ጨምሮ።

2ኛ/ ቀኑን፣ የሥራውን ዓይነት፣ ገቢና ወጪውን በደብተር መመዝገብ። ያልተመዘገበ ሥራ ትርፉም ኪሳራውም አይታወቅም።

3ኛ/ ምሥጢር መጠበቅ። የሰው የትዳርና የውርስ ነገር ጠላ ቤት የሚያወራ ጸሐፊ ሁለተኛ ደንበኛ አያገኝም።

4ኛ/ ለሁለቱ ተከራካሪዎች አለመጻፍ።

5ኛ/ ወሰንን ማወቅ። በሕግ ነገር ማማከርና ፍርድ ቤት ቆሞ መከራከር ፈቃድ ያለው ጠበቃ ሥራ ነው። ከፍርድ ቤት ደጃፍ ከመቀመጥ በፊትም ፍርድ ቤቱንና የንግድ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቆ ፈቃዱንና ግብሩን ማስተካከል ይገባል።

መጽሐፍ ለመጻፍ የሚያስብም ካለ፣ በ1996 ዓ.ም የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲውን የገንዘብ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቅለታል። ትምህርቴ ያንሳል ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ ደግሞ ጳውሎስ ኞኞን ያስታውስ። መደበኛ ትምህርታቸው አራተኛ ክፍል ላይ ቢያቆምም በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምዳቸው አገር ሲያነባቸው ኖሯል። ያደረሳቸው ያላሰለሰ ንባብ ነው።

በመጨረሻ በመኝታ ክፍላችን ብዙ ያከራከረን ጥያቄ አለ፤ መምህር ለጎረቤቱ ጽፎ ገንዘብ ይቀበል ወይ? ገሚሳችን ነውር ነው አለ፤ ገሚሳችን ድካም ዋጋ አለው አለ። እኛ የደረስንበት ይህ ነው። ለዘመድ የሚላክ ደብዳቤና የአቅመ ደካማ ማመልከቻ በነፃ ይጻፍ። ሰዓት ለሚፈጅ ሥራ፣ ከማስተማሪያው ሰዓት ውጭ እስከሆነ ድረስ፣ ተመጣጣኝ ዋጋ መቀበል አያሳፍርም። ከምናስተምረው ልጅ ወላጅ ግን አንድ ብርም መቀበል የለብንም። ዛሬ ለማመልከቻ የተከፈለው ገንዘብ ነገ በልጁ ውጤት ላይ ሐሜት ያመጣልና፤ ሐሜቱ ሐሰት ቢሆን እንኳ ልጁን ይጎዳዋል።

ስለሆነም መምህሮቻችንን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ባማርኛው ክፍለ ጊዜ አንዱ ጉዳዩን በቃል እየነገረ ሌላው በአንድ ገጽ እየጻፈ፣ መልሶም እያነበበለት ብንለማመድ። ነገ ወረቀት ይዘው የሚመጡት እናት፣ መምህሩ የማዳመጥ ልምድ አለው ወይስ የለውም ብለው አይጠይቁም፤ አምነው ይነግሩናል እንጂ።