ቀላል የግል መጓጓዣዎችና አውራ ጎዳና፦ ቆቦ እንደ ማሳያ

ቆቦ በራያ ሜዳ ላይ የተቀመጠች፣ ከወልድያ ወደ አላማጣ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና መሐል ለመሐል የሚያቋርጣት ከተማ ናት። ጎዳናው ደሴንና መቀሌን የሚያገናኝ እንደመሆኑ ከባድ የጭነት መኪኖች ያልፉበታል፤ እግረኛው፣ ብስክሌተኛው፣ ሞተረኛው፣ ባጃጁና የአህያ ጋሪው የሚጠቀሙትም ይህንኑ መንገድ ነው። ስለ ቀላል የግል መጓጓዣዎች ጥቅምና አደጋ የሚነሣው ክርክር ብዙውን ጊዜ በመሣሪያው ላይ ያተኩራል። እንደ ቆቦ ባለ ከተማ ግን የሚቀድመው ጥያቄ የጎዳናው ነው።

ቀላል የግል መጓጓዣ ሲባል አንድን ሰው፣ ቢበዛ ሁለት ሰዎችን የሚያደርስ አነስተኛ መሣሪያ ማለት ነው፦ ብስክሌት፣ የኤሌክትሪክ ስኩተር፣ ሞተር ብስክሌት፣ ዊልቸርና በእጅ የሚሽከረከር ባለሦስት ጎማ። ባጃጅ በኪራይ የሚሠራ በመሆኑ ከዚህ ትርጉም በጥብቅ አይገባም፤ ሆኖም በትንንሽ ከተሞቻችን የሚሸፍነው ርቀትና የሚጋራው የመንገድ ጠርዝ አንድ ስለሆነ ለይቶ መተው አይቻልም።

ጥቅሙን በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። በሰዓት 4.5 ኪሎ ሜትር የሚራመድ ሰው 3 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 40 ደቂቃ ሲፈጅበት፣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ብስክሌተኛ በ12 ደቂቃ ይደርሳል። በቆላ ፀሐይ የ28 ደቂቃ ልዩነት ቀላል አይደለም። ደሴ ዳገቷ ብስክሌትን ሲከለክል፣ ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ እንድትሆን የረዳት ሜዳነቷ ነው፤ ቆቦም ይህ ጸጋ አላት። ለአካል ጉዳተኛ ደግሞ ነገሩ ደቂቃ ከመቆጠብ ያልፋል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ20ኛው አንቀጽ የግል እንቅስቃሴን ራሱን የቻለ መብት አድርጎ ደንግጓል።

አደጋው የሚመነጨው ከፍጥነት ልዩነት ነው። የአንድ ተሽከርካሪ የእንቅስቃሴ ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ30 ሲሄድ ከነበረው አራት እጥፍ ጉልበት ይዞ ይጋጫል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት መካከል እግረኞች 23 በመቶ፣ የባለሞተር ሁለትና ሦስት ጎማ ተጠቃሚዎች 21 በመቶ፣ ብስክሌተኞች 6 በመቶ ሲሆኑ፣ እንደ ኤሌክትሪክ ስኩተር ያሉት መሣሪያዎች ድርሻ 3 በመቶ ነው። መሣሪያው ራሱም እንከን አለበት፦ ባጃጅ ፊት ለፊት በአንድ ጎማ ስለሚቆም፣ ከመጠን በላይ ተጭኖ በፍጥነት ሲታጠፍ ይገለበጣል። ሞተረኛን የራስ ቁር ከብዙ ጉዳት ይጠብቀዋል፤ እግረኛው ግን ምንም መከላከያ የለውም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ለኤሌክትሪክ መጓጓዣ በር ከፍቷል። የአገሪቱ ኃይል በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ ጥቅሙ እውነተኛ ነው። በቆላ ግን ሁለት ነገሮች ይታሰቡ፦ ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል፤ የማይመጥን ቻርጀር ደግሞ የሊቲየም ባትሪን ለእሳት ሊዳርግ ይችላል።

የከተሞች ምላሽ ብዙ ጊዜ ክልከላ ነው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በወንጀል ምክንያት፣ ከተወሰኑ ፈቃድ ያላቸው በስተቀር ሞተር ብስክሌቶችን ከልክላለች። ፓሪስም በ2023 እ.ኤ.አ. በሕዝበ ውሳኔ የኪራይ ስኩተሮችን አስወጥታለች፤ ድምፅ የሰጠው ሕዝብ ግን ከመራጩ 8 በመቶ እንኳ አልሞላም። ክልከላ አማራጭ ባለበት ከተማ ሊያስኬድ ይችላል። ባቡርም የከተማ አውቶቡስም በሌለበት ግን ሰውን ወደ እግሩ ይመልሰዋል፤ እግረኛው ደግሞ ከላይ እንደታየው ከሟቾቹ መካከል ትልቅ ድርሻ ያለው ነው።

ስለዚህ ለቆቦ የሚቀርበው ሥራ ከመሣሪያው ይልቅ ጎዳናውን ይመለከታል፦ በሁለቱ የከተማዋ መግቢያዎች የመኪናን ፍጥነት የሚቀንስ ጉብታ፣ ከአስፋልቱ በድንጋይ ጠርዝ የተለየ የእግረኛና የብስክሌት መሄጃ፣ የተከለለ የባጃጅ ማቆሚያ። ከእነዚህ ሁሉ ርካሹ ጠርዙን ነጻ ማድረግ ነው። ሸቀጥ በጠርዙ ላይ ሲዘረጋ እግረኛው ዞር ብሎ ያልፋል፤ በእጁ ባለሦስት ጎማ የሚነዳው ሰው ግን ከጭነት መኪናው ፊት ወደ አስፋልቱ ከመውጣት በቀር ሌላ መንገድ የለውም።